የጃዝ ኮርድና ጎዶሎ ምት፦ በቀን አንድ ሰዓት ምን ልለማመድ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 23 ነው፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ኪቦርድ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ሰርግ ላይ፣ አልፎ አልፎም የባህል ምሽት ላይ እሠራለሁ። ጃዝ መጫወት ስለምፈልግ ከኢንተርኔት የኮርድ ዝርዝር አውርጄ ከመቶ በላይ ኮርድ በቃሌ ይዣለሁ። ስጫወት ግን አንዱም በቦታው አይመጣልኝም። 5 እና 7 ምት ያላቸውን ስሞክር ደግሞ ቆጠራው ይጠፋብኛል። ጓደኞቼ ‹የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ለጃዝ አይሆንም፤ መጀመሪያ እሱን እርሳው› ይሉኛል። በቀን አንድ ሰዓት አለኝ፤ መብራትም ይጠፋል። በየቀኑ ምን ልለማመድ? ወይስ አዲስ አበባ ካልገባሁ አይሆንም?»

ምላሽ፦

ኮርዶቹን ለጊዜው ተዋቸው፤ መቶውንም። በቃልህ የያዝከው የጣት አቀማመጥ ነው እንጂ ሃርመኒ አይደለም። ኮርድ ሃርመኒ የሚሆነው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ጆሮህ ሲያውቀው ነው። አንተ እያንዳንዱን ለብቻው ስላጠናኸው ዘፈኑ ውስጥ ሲመጣ መጀመሪያ ስሙን፣ ከስሙ ቀጥሎ ቅርጹን ስትፈልግ ባሩ (የምቱ አንድ ዙር) አምልጦሃል። የማስታወስ ችግር የለብህም፤ አጠናንህ ያመጣው ጣጣ ነው። 101ኛውን ኮርድ ብትጨምር የምትፈልግበትን ክምር ከማብዛት ሌላ የሚፈይድልህ ነገር የለም።

ጎጃም አድገህ የቅኔ ቤትን ሥርዓት አታጣውም። ዋሸራ ይሁን ዲማ፣ ጀማሪው ስምንት ቤት ባለው መወድስ አይገባም፤ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው። ሁለት ቤት ብትሆንም ሙሉ ቅኔ ናት። አንተም በሁለት ድምፅ ጀምር።

ሁለቱ ድምፆች፣ ከኮርዱ ሥር ድምፅ ተነስተህ ስትቆጥር፣ ሦስተኛውና ሰባተኛው ናቸው። ሜጀር ነው ወይስ ማይነር የሚለውን የሚለየው ሦስተኛው ነው፤ ኮርዱ ያርፋል ወይስ ወደ ሌላ ይገፋል የሚለው ሁለቱ ሲገናኙ ይታወቃል። አምስተኛው ቢቀር አድማጩ አይጎድልበትም፤ ሥሩን ደግሞ ቤዙ ይይዝልሃል። ጃዝ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣውን የሁለት፣ አምስት፣ አንድ ጉዞ (በስኬሉ ሁለተኛ፣ አምስተኛና አንደኛ ድምፅ ላይ የሚቆሙ ኮርዶች) በዶ ሜጀር እንየው፦ ሬ ማይነር ሰባት፣ ሶል ሰባት፣ ዶ ሜጀር ሰባት። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዶ ስል ሁልጊዜ ያው አንዱ ቁልፍ ነው፤ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ።) ግራ እጅህ ሬ፣ ሶል፣ ዶ ብቻ ይምታ። ሬ ላይ ሳለህ ቀኝ እጅህ ፋንና ዶን ይያዝ። ሶል ሲመጣ ፋ ካለበት አይነሳም፤ ዶ ብቻ በግማሽ ድምፅ ወርዶ ሲ ይሆናል። ዶ ሲመጣ ደግሞ ሲ ባለበት ይቆያል፤ ፋ በግማሽ ድምፅ ወርዶ ሚ ላይ ያርፋል። ሦስት ኮርድ አለፈ፤ ቀኝ እጅህ ግን በየተራው አንድ ጣት ብቻ ነው ያንቀሳቀሰው። የመቶው ኮርድ ምሥጢር በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው።

አሁን ቀኝ እጅህን አንሳና በድምፅህ አዚመው። ግራ እጅ ሬ፣ ሶል፣ ዶ እያለ አንተ «ዶ፣ ሲ፣ ሲ» በል። በሚቀጥለው ዙር «ፋ፣ ፋ፣ ሚ»። ድምፅህ ማማር የለበትም፤ መዝፈን አልችልም ብለህ ይህቺን እንዳትዘላት እንጂ። ቃናውን ሳትሳሳት በአፍህ ካላወጣኸው ጆሮህ ገና አልያዘውም ማለት ነው፤ ጣትህ ቢያገኘውም በአጋጣሚ ነው የሚያገኘው።

በዶ ሲለምድልህ ወደሌላው ኪይ (መነሻ ድምፅ) መሻገሪያው እዚያው ነው። ዶ ሜጀር ሰባት ላይ ስትደርስ ሚንና ሲን ሁለቱንም በግማሽ ድምፅ አውርዳቸው፤ ሚ ፍላትና ሲ ፍላት ሲሆኑ ኮርዱ ዶ ማይነር ሰባት ሆነ። እሱ ደግሞ የሲ ፍላት ኪይ ሁለተኛ ነው፤ ወደ ፋ ሰባት፣ ከዚያ ወደ ሲ ፍላት ሜጀር ሰባት ይወስድሃል። እንዲህ እየወረድክ ስድስት ኪይ አዳርሰህ ዶ ላይ ትመለሳለህ፤ ቀሪዎቹን ስድስት ከሬ ፍላት ተነስተህ በዚያው መንገድ ትዞራለህ። በቀን ሁለት ኪይ ይበቃል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 12ቱ ያልቃሉ። ኪቦርድህ ላይ ያለችውን፣ ኪዩን በራሷ የምትቀይር ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ ግን አትንካ። ሰርግ ላይ ዘፋኙ ድምፁ ሲወርድ ታድንህ ይሆናል፤ እዚህ ግን ልምምዱን ከሥሩ ትገድለዋለች።

ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚመታ መሣሪያ) ስልክህ ላይ በነፃ ታገኛለህ። ፍጥነቱን 40 ላይ አድርግና የሚሰማህን ምት አንደኛና ሦስተኛ ሳይሆን ሁለተኛና አራተኛ አድርገህ ቁጠረው። መጀመሪያ ይገለበጥብሃል፤ ሁሉም ሰው ይገለበጥበታል። ጃዝ ውስጥ ድራመሩ ሃይሃቱን (ጥንዱን ሳህን) በእግሩ የሚዘጋው በአብዛኛው እዚያ ነውና አንድን ራስህ መያዝ መልመድ አለብህ።

ያዜምካቸው ሁለቱ መስመሮች በ12ቱም ኪይ ሳታስብ ሲወጡልህ ብቻ ዘጠነኛውን ጨምር (ሶል ላይ አሥራ ሦስተኛውንም)፦ ሬ ላይ ፋ ላ ዶ ሚ፣ ሶል ላይ ፋ ላ ሲ ሚ፣ ዶ ላይ ሚ ሶል ሲ ሬ። ከዚያ ደግሞ ሶል ሰባትን በሬ ፍላት ሰባት ተካው፤ ሦስተኛና ሰባተኛቸው ያው ፋና ሲ ስለሆኑ ቀኝ እጅህ ሳይንቀሳቀስ ቤዝህ ብቻ ሬ፣ ሬ ፍላት፣ ዶ እያለ ይወርዳል። ብዙ ሰው ትልቅ ምሥጢር አስመስሎ የሚያወራላት ነገር ይህቺው ናት።

ጃዝ ማለት የኮርድ ብዛት ነው የሚለውንም እንዝጋው። ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 ከቀረጻቸው ሥራዎች እጅግ የታወቀው 32 ባር ነው፤ በ32ቱ ባር ውስጥ ያሉት ግን ሁለት ስኬሎች ብቻ ናቸው፤ ያውም አንዱ ስኬል በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ የተደገመ።

ስለ ቅኝት ጓደኞችህ የነገሩህን አትቀበል። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር ቅኝቱን አልረሳም፤ ሥራው የተሠራው በራሱ በቅኝቱ ላይ ነው። አምስት ድምፅ ለጃዝ ያንሳል የሚለው ክርክር ቤዙን የሚረሳ ክርክር ነው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ፋና ሲ የሉበትም። ሜጀር ስኬል ውስጥ እርስ በርስ የሚጎራበጡት እነዚያ ሁለቱ ነበሩ፤ እነሱ ስለሌሉ ዜማው ከሥሩ ብዙ ዓይነት ቤዝ ይሸከማል።

ይህን በየቀኑ ሞክረው። በቀኝ እጅህ በእነዚያ አምስት ድምፆች የአራት ባር አጭር ዜማ ፍጠር፤ ሳትለውጥ ደጋግመው። ግራ እጅህን መጀመሪያ ዶ ላይ አቁም፤ ዜማው ቤቱ ነው። ወደ ላ አውርደው፤ ያው ዜማ ይተክዛል። ፋ ላይ አድርገው፤ ላ ሦስተኛ፣ ዶ አምስተኛ፣ ሚ ሰባተኛ፣ ሶል ዘጠነኛ ሆነው ሳትነካቸው ፋ ሜጀር ዘጠኝ ሠሩልህ። አሁን ሲ ፍላት ላይ ውረድ። ሚ በሲ ፍላት ላይ ሻርፕ አሥራ አንደኛ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ አሥራ አንደኛ) ሆና ዜማው መሬት የለቀቀ ያህል ከፍ ይልብሃል። እዚህ ላይ ቆይ። ከዜማው አንድ ድምፅ ምረጥ፣ ለምሳሌ ሚን፣ ያዘውና ከሥሩ ቤዙ ሲቀያየር የሚመጣውን ለውጥ አድምጥ። ቀለም የሚባለው እሱ ነው።

አምባሰል ከዶ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ሬ ፍላት ሜጀር ሰባት ላይ ያምራል፤ ዶ ሰባተኛ፣ ሶል ሻርፕ አሥራ አንደኛ ይሆናሉ። አንቺ ሆዬ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። በግራ እጅህ ፋ፣ ላ፣ ሚ ፍላት ያዝ፤ ፋ ሰባት ማለት ነው። በላዩ ላይ አንቺ ሆዬን ስታወርድ ሶል ፍላት «ፍላት ዘጠነኛ»፣ ሬ ፍላት «ፍላት አሥራ ሦስተኛ» ሆኑ። ከዚያ ሲ ፍላት ማይነር ላይ አሳርፈው። የጃዝ ተማሪ ለብዙ ጊዜ የሚደክምበትን የተወጠረ ድምፅ አንተ ሰርግ ቤት ስትሰማው ኖረሃል፤ የጎደለህ ከሥሩ የሚገባውን ኮርድ ማወቅ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ቅኝቱ ቅኝት የሆነው በሌሉት ድምፆችም ነውና ፋና ሲን በግራ እጅህ ኮርድ ውስጥ ብታስገባ ችግር የለውም፤ በዜማው ውስጥ ስትበትናቸው ግን ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ማሲንቆና ድምፃዊ ድምፁን እየሳቡ፣ እያንሸራተቱ ነው የሚጫወቱት፤ ኪቦርድህ ደግሞ ባለበት የተቸነከረ ነው። ማሲንቆ ሲገባ አራት ድምፅ ያለው ኮርድ ከሥሩ አትደልድልበት፤ ቤዝና አንድ ድምፅ ይበቃዋል። የጓደኞችህ አባባል እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታም አለ። ኮርዱ በየሁለት ምቱ የሚቀያየር ፈጣን የጃዝ ዜማ ላይ አንድ ቅኝት ይዘህ ዳር አትደርስም፤ ከኮርዱ ጋር ቅኝቱንም ማዘዋወር ይኖርብሃል። ያ የዛሬ ዓመት ሥራ ነው፤ የዘንድሮ አይደለም።

ወደ ምቱ ስንመጣ፣ 7ን ስትቆጥር የሚጠፋብህ በቁጥር ስለምትቆጥረው ነው። አንድ እና ሦስት ባጭሩ ይወጣሉ፤ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ረዘም ይላሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ምላስህ ራሱ ምቱን ያዛባዋል። ከዚያም በላይ ሰባትን እንደ ሰባት የሚሰማ ሙዚቀኛ የለም። የሚሰማው ሁለትና ሦስት ነው፤ 7 ማለት ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ነው፤ ወይም ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት። ፒያኖ ተጫዋቹ ዴቭ ብሩቤክና ጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት አልበም ላይ ያለው ታዋቂው ባለ አምስት ምት ሥራ ሦስትና ሁለት ነው። እዚያው አልበም ላይ ያለውን ባለ ዘጠኙን ብሩቤክ ከቱርክ የመንገድ ሙዚቀኞች ነው የሰማው፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ለቱርኮቹ እንግዳ ምት አልነበረም፤ የሚጨፍሩበት ነው።

ህንዶች ምትን በአፍ የሚቆጥሩባቸው የራሳቸው ቀለሞች (ክፍለ ቃላት) አሏቸው፤ አንተ ግን አገርህ ያለውን ተጠቀም። ለሁለት ሞጣና ቡሬ፣ ለሦስት ቢቸናና ሉማሜ። የመጀመሪያዋን ፊደል ጫን እያልክ፣ ሌሎቹን እኩል እያስኬድክ በል፦ ሞጣ ቡሬ ቢቸና፣ ሞጣ ቡሬ ቢቸና። ሰባት ሄድክ። ቢቸና ሞጣ ስትል አምስት ነው። ሞጣ ቡሬ ሞጣ ቢቸና ዘጠኝ። እጅህን በየከተማው መጀመሪያ ላይ ብቻ አጨብጭብ፤ በእግርህ ተራመድበት። መንገድ ላይ ስትሄድ ማድረግ ትችላለህ፤ ሰው ካየህ የአውቶቡስ ረዳት መስለኸው ያልፋል። ሳታስብ ሲወጣልህ ቢቸናን ከመጨረሻ ወደ መሃል አምጣት፦ ሞጣ ቢቸና ቡሬ። ያው ሰባት ነው፤ ሰውነትህ ግን እንደ አዲስ ይደናቀፋል። ይህ ሳይጠራ ኪቦርዱ ጋ አትቅረብ።

ከዚያ ሜትሮኖሙን አምጣ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ትንሽ ምት ይምታ፤ 160 አካባቢ አድርገው። ቀጥሎ ወደ 80 አውርደው፤ አሁን ሁለት ሁለቱን ብቻ ነው የሚመታው። ሰባት ለሁለት ስለማይካፈል በአንዱ ባር «ሞ» ላይ ይመታል፤ በሚቀጥለው «ጣ» ላይ ይወድቅብሃል፤ ሦስተኛው ባር ሲጀምር እንደገና ትገናኛላችሁ። ከሜትሮኖሙ ጋር ተለያይተህ ሳትደነግጥ የምትገናኝ ከሆነ ሰባት የአንተ ሆኗል። 11ን (ሁለት ሁለት ሦስት ሁለት ሁለት፣ ቡልጋሪያዎች የሚጨፍሩበት) ለኋላ አቆየው።

በ5 እና በ7 ግን ብቻ አትወሰን፤ ያንተ ትልቁ ሀብት ያለው ችክችካው ውስጥ ነው። ስድስቱን ትንንሽ ምቶች ትከሻህ ከልጅነትህ ያውቃቸዋል፤ ሁለት ጊዜ ሦስት አድርገህም፣ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርገህም ትሰማቸዋለህ። እግርህ ሁለቱን ይርገጥ፣ እጅህ ሦስቱን ያጨብጭብ። ይህ ካለህ የጃዝ ምት የሆነው ስዊንግ ሩቅ አገር አይደለም፤ በመካከለኛ ፍጥነት የስዊንግ ሁለት ድምፆች ከሦስቱ ትንንሽ ምቶች አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ይወድቃሉ። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን እኩል ወደ መሆን ስለሚጠጉ ችክችካውን እንዳለ ጃዝ ላይ አትጫነው።

አሁን ቅኝቱንና ምቱን አንድ ላይ የምታስርበት ልምምድ። ከጠቅላላው ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ትወስዳለህ ብባል ይህቺን እሰጥሃለሁ። ችክችካውን በግራ እጅህ ያዝ፤ በየባሩ ስድስት። በቀኝህ ትዝታን በእያንዳንዱ ትንሽ ምት ላይ አንድ አንድ ድምፅ እያደረግህ አዙር፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ሳታቋርጥ። ድምፁ አምስት፣ ምቱ ስድስት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ባር በዶ ይጀምራል፤ ሁለተኛው በሬ፣ ሦስተኛው በሚ፣ አራተኛው በሶል፣ አምስተኛው በላ። ስድስተኛው ባር ላይ ዶ ከአንድ ጋር ተመልሳ ትገጥማለች። በየባሩ መጀመሪያ ላይ የሚወድቀውን ድምፅ ጫን ካልከው ቅኝቱ በዝግታ ሲወጣ ትሰማዋለህ፤ በላዩ ደግሞ በፍጥነት እየዞረ ነው። እንግዳ ምት የሚባለው ነገር እዚህ ሰርግ ቤት ምትህ ውስጥ ተቀምጧል። በዚህ ላይ ግራ እጅህን ዶ፣ ላ፣ ፋ፣ ሲ ፍላት እያልክ ከቀየርክ ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ሆኑ።

ሰዓቱን እንዲህ ከፋፍለው፦ ሲሶው ለሁለቱ መስመሮችና ለቤዝ ቅየራ፣ ሲሶው ለምት፣ ቀሪው ለነፃ ጨዋታ። ነፃ ጨዋታውን በስልክህ ቅዳው፤ በማግስቱ ከመጀመርህ በፊት ስማው። እየተጫወትክ ያልሰማኸው መቻኮል ያኔ ይሰማሃል። መብራት ሲጠፋ ምቱንና መዝፈኑን ወደፊት አምጣ፤ ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ክራር ካገኘህ ጨለማ ውስጥ የቤዝ ቅየራውን በድምፅህ እያወጣህ ቅኝቱን ክራር ላይ ተጫወት። እሑድ ቀን ለአራት ሰዓት ያህል ከመለማመድ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሻላል፤ ይህ የምክር ወግ ሳይሆን ጆሮ የሚለምድበት መንገድ ነው። የእጅ አንጓህ ወይም ክንድህ ሕመም ከተሰማው ደግሞ አቁም፤ ድካምና ሕመም የተለያዩ ናቸው፤ ሕመምን ተቋቁሞ መለማመድ ለወራት ከኪቦርድ ሊያርቅህ ይችላል።

ጊዜውን እኔ ልወስንልህ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ይቆማል፤ 55 ቀን አለህ። ያን ጊዜ ሌላ ምንም አትጨምር፤ አዲስ ቪዲዮ አትክፈት፣ አዲስ የኮርድ ዝርዝር አታውርድ። ሁለቱ መስመሮች በ12 ኪይ፣ ትዝታና አንቺ ሆዬ በየቤዙ፣ ሰባት በሦስቱም አከፋፈል፣ አምስቱ በስድስቱ ላይ። አለቀ። (በጾም ኪቦርድ ይነካል ወይ የምትል ከሆነ እሱን ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ፤ የእኔ ሙያ አይደለም።)

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ለዚህ ሥራ 300 ኪሎ ሜትር መሄድ አያስፈልግህም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት ከፈለግህ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኖታ ማንበብና ሥርዓት ያለው ትምህርት ትፈልጋለህና ተዘጋጅተህ አመልክት። ግን ከዚህ ልምምድ ሸሽተህ አትሂድ፤ እዚያም የሚጠብቅህ ይኸው ነው። ብቻህን ተለማምደህ የማታገኘው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ከሰው ጋር መጫወት ነው። ሜትሮኖም አይሳሳትም፣ አይሰማህም፣ አይመልስልህምም። አብሮህ ሰርግ የሚሠራውን ከበሮ መቺ ወይም ድራመር በሳምንት አንድ ቀን ያዘው፤ ቤዝ የሚጫወት ከተገኘ ደግሞ ግራ እጅህን አሳርፍና ሁለቱን መስመሮች ብቻ ተጫወት።

ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ሲጀመር አንድ ዘፈን ብቻ ምረጥ፤ በትዝታ ሜጀር ያለ፣ ሕዝቡ ለምሳ ሲቀመጥ የሚጫወት። ዜማውን አትንካ፤ ከሥሩ ቤዙን አንዴ ወደ ፋ፣ አንዴ ወደ ሲ ፍላት ውሰደው። ዘፋኙን አስቀድመህ ንገረው፤ ሳይዘጋጅ ሲ ፍላቷ ብትመጣበት ቃናው ይጠፋዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ኪቦርዲስት ይፈልጋል።